የገዴራው ምድጃ ፍርግርግ

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 24

የሲግድ በዓል ድካም ገና ከጉልበቴ አልወጣም። ትናንት ከኢየሩሳሌም ስመለስ እንቅልፍ ወስዶኝ ቤቴ ያለበትን ቂርያት ማላኺን አልፌ ልሄድ ነበር። ዛሬ ደግሞ ማኦር ወደ ገዴራ ላከኝ። ማኦር ያቭነ ከተማ የምሠራበት የብረት ሥራ ቤት አለቃዬ ነው፤ ልጄን ሻኒን ቢበልጣት በሁለት ዓመት ነው። "ይርሳው፣ አንዲት ሴትዮ ስለ ምድጃ ደውላለች። ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በናንተ ቋንቋ ነው የምታወራው። አንተ ሂድላት" አለኝ።

ወይዘሮ የሺመቤት ይባላሉ። ቤታቸው ገዴራ ዳር፣ ከብርቱካኑ ተክል አጠገብ ያለ አሮጌ ትንሽ ቤት ነው። ምድጃውን የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ትተውት ሄደዋል፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ በሩ ባለ መስታወት። እንጨቱ የሚያርፍበት ፍርግርግ መሐሉ ረግቦ እንደ አሮጌ አልጋ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ የአመዱን መሳቢያ ስቤ አየሁት። እስከ አፉ ሞልቷል። አመድ ሲሞላ ከታች አየር አይገባም፤ ብረቱ ከላይም ከታችም ይጠበስና ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይረግባል።

"አመዱን ማን ነው የሚያወጣው?" አልኳቸው።

"ባለቤቴ ነበር" አሉ። "ካረፈ ሁለት ዓመቱ።"

አመዱን አወጣሁላቸው። ሁለት ባልዲ ሆነ።

ከአሽዶድ ሌላ ፍርግርግ ገዝተው ኖሯል፤ ግን የዚህ ምድጃ አይደለም፤ በግማሽ ጣት ይረዝማል። ሁለቱን ጫፍ በዲስክ ቆርጬ አስገባሁት። ልክክ አለ። ወይዘሮ የሺመቤት አጨበጨቡ። ሻይ ከናና ጋር ሰጡኝ።

ስመለስ ሜዳው ሁሉ ጭጋግ ለብሶ መንገድና እርሻ አይለይም ነበር። አውቶቡሱ በወተት ውስጥ የሚሄድ ይመስላል። አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ምን እንደ ሆነ ግን አልመጣልህ አለኝ።


እሑድ፣ ዲሴምበር 4

ወይዘሮ የሺመቤት ደውለው ነበር። ፍርግርጉ ወደ ላይ ጎብጦ ተቀርቅሯል።

አሁን መጣልኝ። አባቴ ወናፉን እያስነፋኝ ስንት ጊዜ ነግሮኛል፦ ብረት ሲሞቅ ያድጋል፣ ጫፉ ላይ ትንሿ ጣትህ የምትገባበት ቦታ ተውለት። እኔ ልክክ አድርጌ ሰካሁት። ማደጊያ ቢያጣ ጎበጠ። አርባ ዓመት ብረት የሠራሁ ሰውዬ! አፈርኩ።

ከሥራ በኋላ ሄጄ አውጥቼ በመዶሻ አቀናሁት፤ ጫፉንም በሞረድ ትንሽ ነካሁት። ግን ዘንጎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ለትንሽ ምድጃ የተሠሩ። ይኼ የሚያዛልቅ አይደለም።

"ራሴ ከወፍራም ብረት እሠራልዎታለሁ" አልኳቸው።

"አያ ይርሳው፣ እንዲህ አይድከሙ።"

"ምን ድካም አለው?"

እሳቱ እስኪያያዝ ቁጭ ብለን ጠበቅን። የብርቱካን እንጨት ነው የሚያነዱት፤ ጭሱ የልጣጭ ሽታ አለው። በመስታወቱ ፍሙን ሳይ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ቀና ስል እሳቸውም እንደኔ ፍሙን እያዩ ናቸው።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 8

ገዴራ ሄድኩ። ለካሁ። ተመለስኩ። ልኩን የጻፍኩበትን ወረቀት እዚያው ረስቻለሁ። ነገ እንደገና መሄድ አለብኝ።

ሻኒ ስልክ ላይ፦ "አባ፣ ለምን በስልክ ልኩን አታነብልህም?"

"ሴትዮዋ ሜትር ማንበብ አትችልም" አልኳት።

ሠላሳ ዓመት ሙአለ ሕፃናት የሠሩ ሴት ናቸው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም።


ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 13

አለቀ።

በምሳ ሰዓት፣ ሌሎቹ ሲያርፉ፣ አራት ቀን ሠራሁት። ዐሥራ አንድ ወፍራም ዘንግ። እያንዳንዱን ከታች አቅጥኜዋለሁ፤ አመዱ መሐል ገብቶ እንዳይቀር። ዙሪያውን ማደጊያ ቦታ አለው። ጠርዙን እጅ እንዳይቧጥጥ በሞረድ አለሰለስኩት፤ ማን እንደሚነካው እንጃ። የትእዛዝ በርና የመስኮት ፍርግርግ ስሠራ ስንት ዓመቴ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራሁ ግን ቆይቻለሁ።

በጆንያ ጠቅልዬ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩት። ሐሙስ እወስደዋለሁ። ከዚያ ይኼ ጉዳይ ያበቃል፤ ወደ ገዴራም መመላለሱ ይቀራል።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 15

ጆንያውን ረሳሁት። ከበሩ አጠገብ አውጥቼ ነበር፤ መልሼ ከጠረጴዛው ሥር ያስገባሁት እኔው ነኝ መሰለኝ። አሮጌውን አቀናሁላቸው።


ሰኞ፣ ዲሴምበር 19

የሐኑካ በዓል ሁለተኛ ሻማ። ወይዘሮ የሺመቤት "ልጄ ይመጣል፣ እርስዎም ይምጡ" ብለው ጠርተውኝ ነበር። ልጃቸው ኢላይ ያቭነ ነው የሚኖረው፣ የአምቡላንስ ሾፌር ነው፤ ቁመቱ ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሻማውን እሱ አበራ። ስኳር ድንች ፍሙ ውስጥ ቀብራ ጠበሰችልን፤ ስትሰብረው ከቢጫው ውስጡ እንፋሎት ወጣ። ኢላይ ቶሎ ሄደ፣ የሥራ ተራው ነበር። እኔ ቀረሁ።

ስለ ባሏ አወራችኝ፣ ሳታለቅስ። ሬዲዮ እየሰማ ለሬዲዮው መልስ ይሰጥ እንደ ነበር እየነገረችኝ ሳቀች። እኔም ስለ አመለወርቅ አወራሁ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ለሻኒ እንኳ ያልነገርኳትን ነገር ነገርኩ። አብዝቻለሁ። ሰው ቤት ሄዶ እንዲህ ማውራት ጥሩ አይደለም።

ከላይ የጻፍኩትን መልሼ ሳነብ "እሷ" ብያለሁ። "እሳቸው" ለማለት ነው።


እሑድ፣ ጃንዋሪ 1

ማኦር ከብየዳው መጋረጃ ጀርባ መሆኔን ሳያውቅ፦ "ያ የገዴራ ፍርግርግ ከወርቅ ነው እንዴ የሚሠራው?" ሠራተኞቹ ሳቁ። ክፋት የለበትም፣ ማኦር ጥሩ ሰው ነው።

በኋላ ጆንያውን በእግሩ ነካ አድርጎ "ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ገና አላለቀም" አልኩት።

ውሸት ነው። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ልጻፈው፣ ውሸት ነው።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 5

ጎረቤቴ ሙሉእመቤት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ለአንዲት ሴት ስትናገር ሰማሁ፦ "አያ ይርሳው ሐሙስ ሐሙስ ሸሚዝ መቀየር ጀምረዋል።" እኔ ሁልጊዜም ሸሚዝ እቀይራለሁ።

ትናንት ጠዋት ሊነጋጋ ሲል አመለወርቅን በሕልሜ አየኋት። ብርቱካኑ መሐል ቆማለች፤ ጭጋጉ እስከ ወገቧ ነው። አልተቆጣችም። "እጅህ ምነው ጠቆረ?" አለችኝ። "ከአመዱ ነው" አልኳት። "ታጠበው እንጂ" አለች፣ ልክ በሕይወት እንዳለች፣ ልክ ምሳ እንደ ቀረበ። ነቅቼ ታጠብኩት። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ወረደ። እስክነሣ ድረስ ድምፅዋ ክፍሉ ውስጥ ነበር።

ሐዘንን በሚገባ የማይዝ ሰው ነኝ መሰለኝ።


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 12

ዛሬ የሺመቤት ጠየቀችኝ። ደጁ ላይ ቆመን፣ ዝናቡ ሊጥል ሲል።

"አያ ይርሳው፣ አዲሱ መቼ ነው የሚያልቅልዎት? እንጨት ስጨምር ጭሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል።"

"የሚመጣው ሳምንት" አልኩ።

አሮጌውን አወጣሁት። እንደገና ጎብጧል፤ አመዱ ቀጫጭኖቹ ዘንጎች መሐል ተጋግሮ ክፍተቱን ዘግቶታል። ጠረግሁት፣ አቀናሁት፣ መለስኩት። እስከ ሐሙስ ይቆያል። መስኮት ከፈት አድርገው ያንድዱ ብያታለሁ። ብያታለሁ መሰለኝ። ስለ ልጅነቷ እየነገረችኝ ነበር፣ ዝናቡም መጣ፣ ጃንጥላ ይዛ እስከ መንገድ ሸኘችኝ። መስኮቱን ያነሣሁት ያኔ ነው ወይስ በሐሳቤ?


ሰኞ፣ ጃንዋሪ 16

ኢላይ ለማኦር ደወለ። የሺመቤት ሆስፒታል ናት። ጭስ። የዳቦ መኪና ለምኜ ተሳፈርኩ።


ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 17

በሕይወት አለች። ይኼን አስቀድሜ ልጻፍ።

የሆነው እንዲህ ነው። ትናንት ጠዋት ከሥራ በፊት ምድጃውን አንድዳ፣ ወንበር ላይ ትንሽ ልሙቅ ብላ ቁጭ አለች። ፍርግርጉ ሲግል ጎብጦ ተቀረቀረ። አመዱ ወደ ታች አልወርድ ብሎ ፍሙን አፈነው፣ አየር ጠፋ። እሳት ሲታፈን ሽታ የሌለው ጋዝ ያወጣል። መስኮቱ ዝግ ነበር። አብራት ሙአለ ሕፃናት የምትሠራው ይርገዱ፣ እንደ ሁልጊዜው አብረው ሊሄዱ መጥታ በሩን ብታንኳኳ መልስ የለም። በመስኮት ስታይ ራሷ ደረቷ ላይ ወድቋል። ድንጋይ አንሥታ መስታወቱን ሰበረችው። ይርገዱ ዐሥር ደቂቃ ብትዘገይ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለ ዶክተሩ።

ኢላይ ኮሪደሩ ላይ፣ መሬት ተቀምጦ ነበር። ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ። በየቀኑ የሰው እናት ሲያመላልስ የሚውል ልጅ። ሲያየኝ ተነሥቶ አቀፈኝ።

"ከእርስዎ በቀር እናቴን በየሳምንቱ የሚጠይቅ አልነበረም" አለኝ እያለቀሰ። "እኔ ልጇ ሆኜ እንኳ።"

አቀፍኩት። ምንም አላልኩም።


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 18

ማኦር ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋ። "ስማኝ ይርሳው። ምድጃው አሮጌ ነው። የጭስ ማውጫው ነው በል። ማንም አይጠይቅህም። ያላ፣ በቃ፣ ቤትህ ሂድና ዕረፍ።" ለእኔ ብሎ ነው፤ ዓይኑ ሁሉ ሐዘኔታ ነበር።

ወጥቼ ጆንያውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

ማኦር ብረት ያውቃል። ፍርግርጉን ገለበጠው፣ ዘንጎቹን በጣቱ ተከተላቸው። "ቆንጆ ሥራ ነው" አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "መቼ ነው የጨረስከው?"

"ዲሴምበር 13።"

ፍርግርጉን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። "ታዲያ ለምን?"

"አላውቅም" አልኩት።

አውቃለሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ አውቅ ነበር። ፍርግርጉን ባደረስኩ ማግስት ያንን በር የማንኳኳበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር፤ ይኼ ነው። አንዲት ሴት፣ እኔ የምወደው ጨዋታዋ እንዳይቀርብኝ፣ መርዝ እየተነፈሰች ተቀመጠች።


እሑድ፣ ጃንዋሪ 22

ከሆስፒታል ወጥታለች። ያቭነ ልጇ ቤት ናት። ጆንያውን ይዤ ሄድኩ።

ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ነበር፤ ፊቷ ቀጥኗል። ኢላይ ሻይ ሊያፈላ ሲነሣ "አንተም ስማኝ፣ ልጄ" አልኩት። ፍርግርጉን አውጥቼ ወለሉ ላይ አኖርኩት።

"ይኼ የምድጃዎ ነው" አልኩ። "ከሐኑካ በፊት ነው የጨረስኩት። ሳላመጣው የቀረሁት ረስቼ አይደለም።"

ከታች መንገድ ላይ ልጆች በዕብራይስጥ ይጯጯሃሉ።

"ከሐኑካ በፊት" አለች። "ሻማ ስናበራ፣ አልቆ ነበር?"

"አልቆ ነበር።"

"ጭሱ ይመለሳል ስልዎትስ?"

"አልቆ ነበር።"

"አንተ!" አለችኝ። እስከ ዛሬ አንቱ ነበር የምትለኝ። "ልጄ ሆስፒታል መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አይተኸዋል?"

"አይቼዋለሁ።"

"አቅፎህ ነበር አሉኝ።"

"አዎ።"

"ዝም አልክ?"

"ዝም አልኩ።"

ኢላይ ወደ መስኮቱ ዞረ። የሺመቤት ለምን እንዳላመጣሁት አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አዘጋጅቼ ነበር፤ ያቭነ እስክደርስ ስደጋግመው ነበር።

"ውጣ" አለችኝ።

ወጣሁ። ፍርግርጉ እዚያው ቀረ።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 7

ማዕበል። ዝናብ በአግድም። ሥራ ቤቱ ጣራ ያፈስሳል። ከእሷ ስልክ የለም።


ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 18

ሰንበት ወጣ። ሻኒ ሰንበትን ከእኔ ጋር አሳለፈች፤ ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።

"አባ፣ ለምን ዝም ብለህ አልነገርካትም?"

"ስለ ፍርግርጉ?"

"ስለ ፍርግርጉ አይደለም።"

"ለእናትሽ ብዬ…" አልኩ።

"ኢማ ላይ አታሳብብ" አለችኝ። ኢማ የምትለው እናቷን ነው። በቁጣ አይደለም የተናገረችው፤ እጄን ይዛ ነው። "ቤሰደር፣ እሺ። ፈራህ። ሰው ይፈራል።"

ስትሄድ መስኮቱ ላይ ቆሜ አየኋት። አረማመዷ የአመለወርቅ ነው። ዛሬ ይኼ አላስጨነቀኝም፤ እንዲሁ ደስ ብሎኝ አየሁት።


ረቡዕ፣ ማርች 1

ገዴራ በሚያልፈው አውቶቡስ ተሳፍሬ ሳልወርድ አለፍኩ። ከመንገድ ሲታይ ቤቱ ዝግ ነው። የተሰበረው መስኮት ካርቶን ተለጥፎበታል። አውቶቡሱ መጨረሻው ደርሶ እስኪመለስ ተቀምጬ ቀረሁ። ሾፌሩ "ጠፋብህ?" አለኝ። "አይ" አልኩት።


እሑድ፣ ማርች 19

ደወለች። ድምፅዋን ስሰማ ከያዝኩት የጋለ ብረት ላይ እጄን ማንሣት ረስቼ ጓንቴ መጨስ ጀመረ።

"ቤቴ ተመልሻለሁ" አለች። "ምድጃውን ማየት አልፈልግም። መጥታችሁ አውጡልኝ።"

"ሐሙስ እንመጣለን" አልኩ።

ዘጋችው። ደኅና ሁን አላለችም። ደኅና ሁን አለማለቷን ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው ዋልኩ።


ሐሙስ፣ ማርች 23

ከማኦር ጋር በሥራ ቤቱ መኪና ሄድን። ብርቱካኑ አብቧል። የአበባው ሽታ ከዋናው መንገድ ጀምሮ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ማኦር እንኳ ሬዲዮውን ዘጋው። አየሩ ለስላሳ፣ ብርሃኑ ማር የመሰለ፣ ሁሉም ነገር ትንሽ ከመሬት ከፍ ያለ ይመስል ነበር። የምንሄድበትን እያወቅሁ፣ መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

የሺመቤት በሩን ከፍታ ወደ ጎን ቆመች። ነጭ ነጠላ፣ የሥራ ጫማ። ወፍራለች ትንሽ፤ ደስ አለኝ። ለማኦር ሻሎም አለችው፤ ለእኔ ራሷን ዝቅ አደረገች። ፍርግርጉ ከበሩ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ከልጇ ቤት አምጥታዋለች።

ቧንቧውን ፈታሁ፣ በሩን ነቀልኩ፣ ቅልል እንዲል ጡቦቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ምድጃውን ከማኦር ጋር በሰንሰለት ይዘን አወጣነው። የጭስ መውጫውን ቀዳዳ ለመድፈን ጊዜ ስለሚወስድ ማኦር መኪናውን ይዞ ወደ ያቭነ ቀደመ። "በአውቶቡስ ትመጣለህ" አለኝና፣ ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ።

ቀዳዳውን በቆርቆሮ ዘጋሁ፣ በስሚንቶ ለሰንኩ። እሷ ምድጃው የነበረበትን ቦታ ጠረገች። ስሚንቶው እስኪጠነክር መጠበቅ አልነበረብኝም፤ እጄን ታጥቤ መሣሪያዬን ሳጥን ውስጥ ከተትኩ።

"ፍርግርጉንም ውሰደው" አለች።

አነሣሁት።

"ይቅር ብዬህ አይደለም የጠራሁህ" አለች። "ጠዋት ስነሣ አሁንም ራሴን ያዞረኛል። ኢላይ ሥራ ላይ ሆኖ በየሰዓቱ ይደውልልኛል፤ ፈርቶ ቀርቷል። ያንን ማንም አይመልስልኝም።"

"አይመልስም" አልኩ።

"ግን መጥተህ ተናግረሃል። ባትነግረኝ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ይኼንንም አስቤዋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሁለቱንም እያሰብኩ ነው፣ አንዱ አንዱን አላጠፋልኝም።"

ወደ በሩ ሄድኩ። አንድ እግሬ ደጅ፣ አንድ እግሬ ቤት ሳለ ጠራችኝ።

"ይርሳው።"

ዞርኩ። መጥረጊያውን ይዛ ምድጃው የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ቆማለች።

"እንግዲህ ምድጃ የለም" አለች። "ፍርግርግ የለም። የሚለካ ነገር የለም። ከዛሬ በኋላ ብትመጣ ለምን ትመጣለህ?"

ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። ልጅ ድሬያለሁ፣ ሚስት ቀብሬያለሁ፣ ሱዳንን በእግሬ አቋርጫለሁ። ፍርግርጉን መሬት አኖርኩት።

"አንቺን ለማየት" አልኩ።

ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ውጭ፣ ብርቱካኑ ውስጥ፣ ንቦቹ ይሰሙ ነበር። ከዚያ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

"ሐሙስ አይመቸኝም" አለች። "እሑድ ና። የመሣሪያ ሳጥንህን ቤትህ ተወው።"